ደወሉ ሲመታ፦ የተቋም ሕይወትን የሚያሳይ የሰፈር ቴአትር አዘገጃጀት

ማለዳ ከአዲሱ ገበያ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ምሳ ዕቃ በፎጣ ቋጥራ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ሴት አትጠፋም። ጠያቂ በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ሐኪሞቹ ዙር ጨርሰው መቼ እንደሚወጡ፣ የትኛው ጥበቃ ቶሎ እንደሚያሳልፍ ታውቃለች። አልጋ ላይ የተኛው ሰውዋ ደግሞ ከእሷ የበለጠ ያውቃል። ይህ እውቀት በየቤታችን አለ፤ መድረክ ላይ ግን ብዙም አይታይም።

ይህ መመሪያ እውቀቱን ወደ መድረክ ማውጣት ለምትፈልጉ የወጣት ማዕከል አባላት፣ የትምህርት ቤት የቴአትር ክበባትና የዕድር ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። ተቋም ስል ሆስፒታል፣ ማረሚያ ቤት፣ የሕፃናት ማሳደጊያ፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ማለቴ ነው። እነዚህን ቦታዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ወደዚያ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስረክበው ሰዓቱን ነው። መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚበላ፣ መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው። ተውኔታችሁ ይህን ማሳየት ከቻለ ግንብና የብረት በር መሥራት አያስፈልገውም። ከዚህ በታች ያሉት ዐሥር እርምጃዎች የተሰናዱት በዚህ ሐሳብ ዙሪያ ነው።

1. አንድ ተቋም ብቻ ምረጡ

ጀማሪ ቡድን ሆስፒታሉንም እስር ቤቱንም ማሳደጊያውንም በአንድ ተውኔት ማሳየት ያምረዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ስብከት ይሆናል። ከመካከላችሁ ቢያንስ ሁለት ሰው በቅርብ የሚያውቀውን አንድ ቦታ ምረጡ። አባቱን ሦስት ወር ያስታመመ ልጅ ካላችሁ ሆስፒታል ምረጡ። ለዘመዷ ስንቅ ስታመላልስ የኖረች ካለች ማረሚያ ቤት ምረጡ። ከበላያችን እንጦጦ ላይ ጸበል ለመጠመቅ ቤት ተከራይተው ወራት የሚከርሙ ሰዎች አሉ፤ የእነሱም ውሎ የራሱ ሥርዓትና ሰዓት አለው።

እኔ በዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የምጠቀመው የአእምሮ ሕክምና ተኝቶ ታካሚዎች ክፍልን ነው። ምክንያት አለኝ። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአእምሮ ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ ሲያገለግል፣ ስሙ በከተማችን መሰዳደቢያ ሆኖ ኖሯል። ታማሚ ያለበት ቤት የሚያፍረው ከዚህ የተነሣ ነው። ኀፍረቱን ማቅለል ከሰፈር ቴአትር ዐቅም በላይ አይደለም።

2. የራሳችሁን ጻፉ ወይም ፈቃድ ይዛችሁ ሥሩ

የሌላ ደራሲ ተውኔት ወይም ልብ ወለድ ላይ ተመሥርታችሁ የምትሠሩ ከሆነ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ትርጉምም፣ ወደ ተውኔት መለወጥም፣ በአደባባይ ማሳየትም በዚያ መብት ውስጥ ናቸው። «የሰፈር ሥራ ነው፣ ማን ያየናል» አትበሉ።

የእኔ ምክር የራሳችሁን እንድትጽፉ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በዓለም ስማቸው የገነነ ሥራዎችም የተወለዱት በቅርብ ከማየት ነው። አሜሪካዊው ኬን ኬሲ በአንድ የወታደሮች ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል የሌሊት ተረኛ ሠራተኛ ነበር። በዚያ ያየውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው ልብ ወለድ በማግስቱ ዓመት ለመድረክ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሚሎስ ፎርማን ፊልም ሲያደርገው ቀረጻውን ያካሄደው በኦሪገን ግዛት በሚገኝ እውነተኛ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ሐኪም ራሳቸው ሐኪሙን ሆነው ተጫወቱ፤ ከታካሚዎቹም በቀረጻው ሥራ ተቀጥረው ያገለገሉ ነበሩ። ቤቱን የሚያውቁት ሰዎች ከሥራው አልተለዩም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

3. 12 ወይም 13 ሰው አሰባስቡ

ሰባት ወይም ስምንት ተዋናይ፣ አንድ አዘጋጅ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ የመድረክ አስተባባሪ፣ አንድ የቁሳቁስ ኃላፊ፣ አንድ ሒሳብ ያዥ ይበቃሉ። አዘጋጁና ሒሳብ ያዡ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። ገንዘብና ጥበብ በአንድ እጅ ሲያዙ ቡድን ይፈርሳል።

ወጣቶች ብቻ አትሰብስቡ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር፤ ከዚያ በኋላም የፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ ድራማ ያሳዩ ነበር። ዛሬ ሱቅ የሚጠብቁት ጋሼ፣ ጉሊት የተቀመጡት እትዬ ያኔ መድረክ የረገጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ጠይቋቸው። ስለ ሆስፒታል በሚያወራ ተውኔት ውስጥ እናትን የ20 ዓመት ልጅ ሻሽ አስራ ከምትጫወት አንዲት እናት ብትጫወት ድምፁ ሌላ ነው።

4. ፈቃዱንና አዳራሹን ቀድማችሁ ጨርሱ

የወረዳችሁን የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቁ። ደብዳቤው የቡድኑን ስም፣ የተውኔቱን ርእስና ጭብጥ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚጠበቀውን የተመልካች ብዛት ይያዝ። ግልባጩን ገቢ አስደርጋችሁ ያዙ፤ ቃል የሰጣችሁ ሰው ከቦታው ቢቀየር መከራከሪያችሁ እሱ ነው።

ለአዳራሽ የወጣት ማዕከል፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም የዕድር ድንኳን ይሆናል። ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ ጣሪያው። ቆርቆሮ ከሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አታስቡት፤ የእንጦጦ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከሁለተኛው ረድፍ በኋላ የሚሰማ ቃል አይኖርም። ሁለተኛ ወደ ቤት መመለሻው። ልምምድ ማታ ከሆነ ሴቶች ልጆችን በቡድን የሚሸኝ ሰው በየተራ መድቡ። ይህን ባለማሰብ ጥሩ ጥሩ ተዋንያን ያጡ ቡድኖች ብዙ ናቸው። ዐቢይ ጾምና ረመዳንንም የቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉባቸው።

5. ከመጻፋችሁ በፊት አዳምጡ

ለዚህ ሦስት ሳምንት ስጡ። ቢያንስ አምስት ሰው አነጋግሩ፦ ታክሞ የወጣ፣ ያስታመመ፣ ነርስ፣ ጥበቃ፣ የጽዳት ሠራተኛ። ተቋሙን በደንብ የሚያውቁት ብዙ ጊዜ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ሁሉ ሰው ፊታቸው ስለሚያወራ የማይሰሙት የለም።

«ምን ተሰማህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰው ስለ ስሜቱ ሲጠየቅ ይዘጋል፤ ስለ ሰዓቱ ሲጠየቅ ግን ይከፈታል። እንዲህ ጠይቁ፦

- ጠዋት የሚቀሰቅስህ ምን ድምፅ ነበር?
- ቁርስ ስትቀበል ከማን ኋላ ትሰለፍ ነበር?
- ከሁሉ የሚረዝመው ሰዓት የትኛው ነበር?
- ጠያቂ የማይመጣለት ሰው በጥየቃ ሰዓት ምን ያደርጋል?
- ቁልፉ የሚቀመጠው የት ነበር?
- የወጣህ ዕለት መጀመሪያ ያደረግከው ምንድን ነው?

አራተኛውን ጥያቄ አደራ እንዳትዘሉት። አንዱ ብርድ ልብሱን ይከናነባል፣ አንዱ መስኮት ላይ ይቆማል፣ አንዱ የሌላውን ጠያቂ እንደራሱ ዘመድ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። አንድ ሙሉ ትዕይንት ከዚህ ይወጣል።

የሰውን ምስጢር ስለምትይዙ ሕግ ያስፈልጋችኋል። በድምፅ አትቅዱ፣ በማስታወሻ ያዙ። እውነተኛ ስም፣ የሰፈር ምልክት፣ የሕመሙን ዓይነት ከሰውዬው ጋር የሚያያይዝ ነገር አትጻፉ። የሁለት ሦስት ሰው ታሪክ አዋሕዳችሁ አንድ ገጸ ባሕርይ ፍጠሩ። ተውኔቱ ሲያልቅ ያነጋገራችሁትን ሰው ጠርታችሁ አንብቡለት፤ «ይህቺን አውጡልኝ» ካለ ውብ ብትሆንም አውጧት።

ሕንፃው ባይኖርም ሰዓቱ በሰው ውስጥ ይቆያል። «ዓለም በቃኝ» የሚባለው የከርቸሌ እስር ቤት ክፍል ፈርሶ፣ በቦታው የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚያ የታሰሩ ሰዎች ግን የቆጠራውንና የስንቁን ሰዓት አልረሱም። በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ የነበረው ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ተረጎመው፤ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ሰዓቱን የተነጠቀ ሰው ሰዓቱን መልሶ የራሱ የሚያደርግበትን መንገድ ሲፈልግ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል። እናንተም የምታነጋግሩት ሰው የራሱን መንገድ እንዲነግራችሁ ጠይቁ፦ ዳማ በቡሽ፣ ጸሎት በጣት ቆጠራ፣ ሹራብ፣ ደብዳቤ።

6. ውሎውን አስፍሩ፣ ተውኔቱን በላዩ ጻፉ

የሰማችሁትን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በሰዓት በሰዓቱ አስፍሩ። ለምሳሌ፦

- ጠዋት 12፡00 – ደወል፣ አልጋ ማንጠፍ
- 1፡30 – ቁርስና መድኃኒት
- 3፡00 – የሐኪሞች ዙር
- 6፡30 – ጥየቃ
- 9፡00 – ግቢ ውስጥ ፀሐይ መሞቅ
- 11፡00 – እራትና መድኃኒት
- ማታ 2፡00 – መብራት ይጠፋል

ይህ የተውኔታችሁ አከርካሪ ነው። አሁን ያንኑ ቀን ሦስት ጊዜ አሳዩ። የመጀመሪያው ቀን 25 ደቂቃ ይሁን፤ ተመልካች ሥርዓቱን ይልመደው። ሁለተኛው 20 ደቂቃ ይሁን፤ እዚህ አንድ ሰዓት ይሰበር። መድኃኒት አልውጥም የሚል ይኑር፣ ወይም ዓመት ሙሉ ያልተጠየቀ ሰው ጠያቂ ይምጣለት። ሦስተኛው 15 ደቂቃ ነው፤ ያው ደወል ይመታል፣ አንዱ አልጋ ባዶ ነው። ሰውዬው ድኖ ይውጣ፣ ይሙት፣ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር እናንተ ወስኑ። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ነው፤ ለሰፈር ተመልካች ልክ ነው።

«መደጋገሙ አይሰለችም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከቡድናችሁ መነሣቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1957 የሳን ፍራንሲስኮ ተዋንያን የሳሙኤል ቤኬትን «ጎዶን በመጠበቅ ላይ» በሳን ክዌንቲን እስር ቤት ለ1,400 ያህል እስረኞች አሳዩ። ተውኔቱ ሁለት ሰዎች የማይመጣ ሰው ሲጠብቁ ከማሳየት ሌላ ታሪክ የለውም፤ በከተማው ቴአትር ቤቶች ብዙዎችን ግራ ያጋባ ነበር። እስረኞቹ ግን ጸጥ ብለው አዩት። መጠበቅ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አያሻቸውም ነበር። በየሰፈራችን በጥየቃ በር ላይ ቆሞ የጠበቀ ሁሉ እንደዚያው ነው።

7. ማንንም መሣቂያ፣ ማንንም ጭራቅ አታድርጉ

ከዓመታት በፊት እኔ ባለሁበት ቡድን በሰፈር ባሳየነው ቴአትር አንድ ልጅ «እብድ» ሆኖ ተጫወተ። ጸጉሩን አንጨባሮ፣ ቡትቶ ደርቦ፣ ብቻውን እየሣቀ። አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ወጡ። ቤታቸው ውስጥ የታመመ ልጅ እንዳላቸው የሰማነው በማግስቱ ነው። ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፤ እሳቸውም ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ያ ሣቅ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላ እናት እንደዚያ ከአዳራሽ እንዳትወጣ ነው።

ስለዚህ ተዋናዩ ሕመሙን አይጫወት፣ ፍላጎቱን ይጫወት። ገጸ ባሕርዩ ዛሬ ምን ይፈልጋል? ልጁን ማየት? ጫማውን ማስመለስ? መስኮት አጠገብ ያለውን አልጋ ማግኘት? ተዋናዩ ያንን በሙሉ ልቡ ይሻ፤ እጁ መንቀጥቀጡ፣ ዓይኑ መቅበዝበዙ አያስፈልግም። በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተውን «እያዩ ፈንገስ» ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ተመልካቹ ኅብረተሰቡ እብድ ያለውን ሰው ተቀምጦ የሚሰማው፣ ሰውዬው አጥብቆ የሚናገረው ጉዳይ ስላለው ነው።

በቃለ ተውኔቱ ውስጥ «እብድ» የሚለው ቃል ከገባ የሚናገረው ገጸ ባሕርይ ይወቅበት፣ ሌላው ሲሰማው ይመመው። በማስታወቂያችሁና በውይይቱ ግን «የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው» በሉ።

ሠራተኞቹንም በፍትሕ ጻፏቸው። ነርሷ ክፉ ስለሆነች አይደለም የምትቆጣው፤ በአንድ ሌሊት ስንት በሽተኛ ላይ ብቻዋን ተረኛ እንደሆነች አሳዩ። እሷም በዚያው ደወል ትነሣለች፣ በዚያው ቁልፍ ትታሰራለች። ጥበቃው በር የሚዘጋው ታዝዞ ነው። ተመልካች ለሁሉም አዝኖላቸው ከወጣ ሥራችሁ ተሳክቷል፤ በአንዱ ላይ ብቻ ተናድዶ ከወጣ ሥርዓቱን ሳያይ ቀርቷል ማለት ነው።

8. ስምንት ሳምንት ተለማመዱ

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ይበቃል።

*1ኛና 2ኛ ሳምንት፦* ንባብ። ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ፤ ሚና ተቀያይራችሁ አንብቡ። ነርሷን የምትጫወተው አንድ ቀን ታካሚውን ታንብብ።

*3ኛ ሳምንት፦* ያለ ቃል ልምምድ። አስተባባሪው ደወል ይምታ፤ ሁሉም ሳይናገር ሙሉውን ቀን ይኑር፦ ይነሣ፣ ያንጥፍ፣ ይሰለፍ፣ ይዋጥ፣ ይጠብቅ። ይህን ልምምድ አታሳጥሩት። ተዋናዩ እግሩ ወደ ሰልፉ በራሱ ሲሄድ ካገኘው ገጸ ባሕርዩን አግኝቶታል።

*ከ4ኛ እስከ 6ኛ ሳምንት፦* በየሳምንቱ ከተውኔቱ ሦስት ቀኖች አንዱን፣ ከነቃሉ። በ6ኛው ማብቂያ ወረቀት የሚይዝ ሰው አይኑር።

*7ኛ ሳምንት፦* ከቁሳቁስና ከልብስ ጋር። ያነጋገራችኋቸውን ሰዎች ጋብዙ፤ የሚሏችሁን ጻፉ፣ አትከራከሩ።

*8ኛ ሳምንት፦* ሁለት ሙሉ ልምምድ ያለማቋረጥ፣ አንዱ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ብርሃን። መብራት ኃይል በዕለቱ ቢያቋርጥ አትደነግጡም።

ልምምዱ ልብ የሚነካቸው ልጆች ይኖራሉ፤ በቤታቸው ያለውን የሚያስታውስባቸው ነውና። ከልምምድ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ማንም ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሂድ።

9. መድረኩን ከሰፈሩ ዕቃ ሥሩ

አራት የብረት አልጋ፣ አራት አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የቆርቆሮ ኩባያዎች፣ አንድ የቁልፍ ማንጠልጠያ። አልጋ ከጎረቤት፣ አግዳሚ ከዕድር ተዋሱ፤ የተዋሳችሁትን ከነባለቤቱ ስም መዝግቡ። ብርድ ልብሱ አንድ ዓይነት መሆኑ ላይ አትደራደሩ፤ ተቋም የሚለየው በዚያ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ታካሚ አንድ የራሱ ነገር ይኑረው፦ ማተብ፣ ፎቶግራፍ፣ ማበጠሪያ፣ መቁጠሪያ። ተመልካች ሰዎቹን የሚለያቸው በዚያች ነገር ነው።

ደወሉን ከሁሉ አብልጣችሁ አስቡበት። በየትምህርት ቤቱ ዛፍ ላይ የሚሰቀለውን የመኪና ቸርኬ የማያውቅ የለም። አንድ አሮጌ ቸርኬ ፈልጉ፤ ከተመልካቹ ጀርባ ስቀሉት። ከኋላው ድንገት ሲመታ ተመልካቹም የሥርዓቱ ተገዢ ይሆናል። በተቀረጸ ድምፅ አትተኩት፤ ብረቱ በደረት ውስጥ የሚያስተጋባውን ስልክ አይሰጣችሁም።

የልምምዱንና የትዕይንቱን ወጪ (ሻይ፣ ትራንስፖርት፣ የማስታወቂያ ሕትመት፣ የጀነሬተር ነዳጅ) በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ገቢም ሲገባ እዚያው ይጻፍ።

10. ዕለቱና ከዕለቱ በኋላ

ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ሰው ሳይመሽ ይመለሳል። ተመልካቹን እንደ ጠያቂ አስገቡት፦ በሩ ተዘግቶ ይቆይ፣ ጥበቃውን የሚጫወተው ተዋናይ በሰዓቱ ይክፈተው። መፈተሽ፣ መገፍተር ግን አይፈቀድም፤ ያን የኖሩ ሰዎች ከመካከላቸው አሉ። የፊተኛውን ረድፍ ለአረጋውያንና ታሪካቸውን ለሰጧችሁ ሰዎች ያዙ፤ ማን እንደሆኑ ግን ከመድረክ አትናገሩ።

ሲያልቅ 40 ደቂቃ ውይይት ይኑር፤ ቡና ቢፈላ ሰው አይበተንም። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ያስተማረው አንድ መንገድ እዚህ ይጠቅማል፦ ከተውኔቱ አንድ የከፋ ቅጽበት መርጣችሁ ድገሙት፣ ተመልካች «ቁም!» ብሎ ያስቁም፣ ወደ መድረኩ ወጥቶ በአንዱ ቦታ ገብቶ የተሻለውን ያሳይ። «የጥየቃ ሰዓት አልፏል» የተባለች እናት ምን ብትል ይሻል ነበር? ነርሷስ? እትዬ እገሌ ተነሥተው መድረክ ሲወጡ አዳራሹ ሲለወጥ ታያላችሁ።

በውይይቱ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይገኝ። አንድ ነርስ ብትሆን ይበቃል፤ ጤና ጣቢያችሁን በደብዳቤ ጠይቁ። ከውይይቱ በኋላ ወደ ጎን ጠርቶ «እኔም ቤት አለ» የሚል ሰው ይመጣል። ጤና ጣቢያ መጀመሪያ እንዲሄድ፣ ከዚያም ወደ ጳውሎስ ወይም ወደ አማኑኤል ሊላክ እንደሚችል ባለሙያዋ በእርጋታ ታስረዳው። እናንተ ሐኪም አትሁኑ።

በማግስቱ የተዋሳችሁትን አልጋና አግዳሚ አጽድታችሁ መልሱ። ከዚያ ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ወደነዚያ አምስት ሰዎች ሂዱና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የትኛውን ሰዓት ነው የሳትነው?» «ፀሐይ የምንሞቀው በዘጠኝ ሳይሆን በአራት ነበር፤ ከሰዓት በኋላማ ግቢው ጥላ ነው» ብሎ አንዱ ያርማችሁ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ አርሙት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በታረመው ሰዓት ደወሉን ምቱ።